ሒሳቡን አብሮ መሥራት፦ ባለድርሻ አካላት የሚሳተፉባቸው የፖሊሲ ሞዴሎች

አንድ መንግሥት ለአርባ ዓመታት የሚዘልቅ ውሳኔ ሊወስን ተነሳ እንበል። ጥያቄው አገሪቱ የሚያስፈልጋትን ኃይል ከየት ታገኛለች የሚል ነው። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖች ብዙ ናቸው። የኃይል ማመንጫ ኩባንያው የራሱ ሐሳብ አለው፤ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበሩ ሌላ ይላል፤ በማሳው አጠገብ የነፋስ ተርባይን የሚተከልበት ገበሬም የሚለው አለው፤ በብርድ ወራት ቤቷን ለማሞቅ በየወሩ የምትከፍል ጡረተኛም እንዲሁ። መንግሥት በበኩሉ ባለሙያዎችን ሰብስቦ የኮምፒዩተር ሞዴል ያሠራል። ሞዴሉ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም በወፍራም ሰነድ ታትሞ «ጥናቱ ያሳየው ይህንን ነው» ይባላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ቁጥሩ የጎዳው ወገን ጥናቱን አያምንም፤ የጠቀመው ደግሞ ሳይመረምር ይቀበለዋል። ሞዴሉ እንዴት እንደተሠራና በምን ግምት ላይ እንደቆመ ግን ሁለቱም አያውቁም። ክርክሩ የሚካሄደው በውጤቱ ላይ እንጂ ውጤቱን በወለደው ስሌት ላይ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ይህንን ችግር ለማቃለል የተሞከሩ ሁለት መንገዶችን እንመለከታለን። አንደኛው በብሪታንያ፣ ሁለተኛው በሴኔጋል የተካሄደ ነው። የሁለቱም መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ባለድርሻ አካላት ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱን ራሱን ከፍተው እንዲያዩትና እንዲፈትኑት ማድረግ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

ሞዴል ምንድን ነው?

ሞዴል የአንድን ነገር ዋና ዋና ባሕርያት መርጦ የሚወክል ቀለል ያለ ምስል ነው። ካርታን ብንወስድ፣ ከተማውን ሙሉ በሙሉ አይደግመውም፤ መንገዱን ያሳያል፣ የዛፉን ጥላ ግን ይተወዋል። የፖሊሲ ሞዴልም እንዲሁ ከሰፊው የኅብረተሰብ ኑሮ ጥቂት መጠኖችን መርጦ እርስ በርስ በቀመር ያያይዛቸዋል።

እንዲህ ያለ ሞዴል ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው መረጃ ነው፤ ለምሳሌ ዛሬ በአገሪቱ ስንት ቤቶች እንዳሉ። ሁለተኛው ቀመር ነው፤ ለምሳሌ ከአንድ ቤት የሚባክነው ሙቀት ከግድግዳው ስፋትና በውስጥና በውጭ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር ያለው ግንኙነት። ሦስተኛው ታሳቢ ነው፤ ለምሳሌ ከአርባ ዓመታት በኋላ ሰዎች ቤታቸውን ስንት ዲግሪ እንደሚያሞቁ። መረጃውን መለካት፣ ቀመሩንም በፊዚክስ ማረጋገጥ ይቻላል። ታሳቢው ግን ከሳይንስ ብቻ የሚወጣ አይደለም። በውስጡ የሰዎች ፍላጎት፣ አቅምና ምርጫ አለበት። ስለዚህም የባለሙያው ብቻ ሊሆን አይገባውም።

የኅብረተሰብን ጉዳይ በኮምፒዩተር ሞዴል ማጥናት አዲስ ነገር አይደለም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጄይ ፎሬስተር «ሲስተም ዳይናሚክስ» የተባለውን ዘዴ መሠረት የጣለው በ1950ዎቹ ነው። በዚሁ ዘዴ የተሠራው «ወርልድ 3» የተባለ ሞዴል ውጤትም በ1972 ታትሞ በዓለም ዙሪያ ታላቅ ክርክር አስነስቷል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የጥቂት ተቋማት ንብረት ስለነበረ፣ ተከራካሪው ሕዝብ ሞዴሉን አስነስቶ «ይህ ግምት ቢለወጥስ?» ብሎ የመጠየቅ ዕድል አልነበረውም። ይህንን ያስቻሉት የግል ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስፋፋት ናቸው።

የብሪታንያው የ2050 ካልኩሌተር

የብሪታንያ ፓርላማ በ2008 ባወጣው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ፣ አገሪቱ የምትለቀውን የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን በ2050 ከ1990ው መጠን በ80 በመቶ እንድትቀንስ ደነገገ። ይህም በዓመት ወደ 160 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ይቀራል ማለት ነበር። ግቡ በሕግ ጸደቀ፤ መንገዱ ግን አልታወቀም። አንዱ የኑክሌር ኃይል ካልገባ አይሆንም ሲል ሌላው ነፋስና ፀሐይ ይበቃሉ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሕዝቡ አኗኗር ካልተለወጠ ሁሉም ከንቱ ነው ይላል።

በወቅቱ የኢነርጂና የአየር ንብረት ለውጥ መሥሪያ ቤት ዋና የሳይንስ አማካሪ የነበረው ዴቪድ ማኬይ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ስለ ታዳሽ ኃይል በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ፣ የክርክሩ ችግር ሰዎች ቁጥርን በቅጽል መተካታቸው መሆኑን በብዙ ምሳሌ አሳይቷል። ለምሳሌ ስልክ ሳይሰካበት ሶኬት ላይ የተተወ ቻርጀር ግማሽ ዋት ቢወስድ፣ በቀን 0.012 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ያባክናል። በየቀኑ 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የቤንዚን መኪና ግን ወደ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይፈጃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ቻርጀሩን ነቅሎ በመኪና የሚሄድ ሰው ተቆጥቧል ለማለት አይቻልም።

ማኬይና ባልደረቦቹ በሐምሌ 2010 ይፋ ያደረጉት መሣሪያ «የ2050 ካልኩሌተር» ተባለ። መሠረቱ ማንም ሰው አውርዶ ሊከፍተው የሚችል የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። ቀመሩ አልተደበቀም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ተጽፏል። ሠንጠረዡን ለማይደፍሩ ሰዎች ደግሞ በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ገጽ፣ በ2011 ደግሞ ለወጣቶችና ለትምህርት ቤቶች የሚስማማ «ማይ 2050» የተባለ ጨዋታ መሰል ቅጂ ተዘጋጀ።

አራቱ የጥረት ደረጃዎች

መሣሪያው ወደ 40 የሚጠጉ ማስተካከያዎች ነበሩት። ከፊሎቹ የኃይል አቅርቦትን፣ ከፊሎቹ ፍላጎትን ይመለከታሉ። አብዛኞቹ አራት ደረጃዎች አሏቸው። ደረጃ 1 ምንም የተለየ ጥረት አይደረግም ማለት ነው። ደረጃ 4 ደግሞ ፊዚክስና ምሕንድስና የሚፈቅዱት የመጨረሻው ጫፍ ነው። ለምሳሌ በኑክሌር ኃይል ረገድ ደረጃ 1 አዲስ ጣቢያ አይገነባም የሚል ሲሆን፣ ደረጃ 4 እያንዳንዳቸው 3 ጊጋ ዋት የሚያመነጩ 50 ያህል ጣቢያዎች ይገነባሉ የሚል ነው።

ከማስተካከያዎቹ አንዱ የቤት ውስጥ አማካይ ሙቀት ነበር። በ2007 የብሪታንያ ቤቶች አማካይ ሙቀት 17.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በደረጃ 1 ይህ በ2050 ወደ 20 ዲግሪ ይወጣል፤ በደረጃ 4 ወደ 16 ዲግሪ ይወርዳል። የዚህን ትርጉም በቀላል ስሌት እናሳይ። ከቤት የሚወጣው ሙቀት በውስጥና በውጭ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝነት አለው። በብርድ ወራት የውጭው አማካይ ሙቀት 7 ዲግሪ ነው ብለን እናስብ። የ2007ቱ ልዩነት 10.5 ዲግሪ ይሆናል። ቤቱ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ልዩነቱ 13 ስለሚሆን የሚያስፈልገው ሙቀት በ24 በመቶ ይጨምራል። 16 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ 9 ስለሆነ በ14 በመቶ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። የሙቀት ልዩነቱ ቀመር የፊዚክስ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ሰዎች በ16 ዲግሪ ቤት ውስጥ ይኑሩ ወይስ አይኑሩ የሚለው ግን ፊዚክስ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። ሹራብ ደርቦ መቀመጥ ለወጣቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለአረጋዊት ግን የጤና ጉዳይ ነው። ካልኩሌተሩ ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ አስቀመጣቸው፤ ቀመሩን ለሳይንስ፣ ማስተካከያውን ለተጠቃሚው ተወ።

ሒሳቡ ሲገጥምና ሳይገጥም

ተጠቃሚው ማስተካከያዎቹን ሲያንቀሳቅስ የአገሪቱ የኃይል ፍላጎት፣ አቅርቦትና የጋዝ ልቀት በሥዕላዊ መግለጫ ወዲያውኑ ይታያሉ። ከሁሉ የሚያስተምረው የጎደለውን የሚሞላበት ሕግ ነው። ተጠቃሚው ኑክሌር አልፈልግም፣ የነፋስ ተርባይን አልፈልግም፣ ፍጆታዬንም አልቀንስም ቢል፣ ሞዴሉ የጎደለውን ኤሌክትሪክ በተፈጥሮ ጋዝ ከሚሠሩ ማመንጫዎች ይሞላዋል። ያን ጊዜ የልቀቱ መስመር ሽቅብ ይወጣል። «አይሆንም» ማለት ብቻውን ዕቅድ እንዳልሆነ ያለ ማንም ተግሣጽ በገዛ እጁ ያየዋል።

መሣሪያው ከሌሎች የኃይል ሞዴሎች የሚለይበት ሌላም ነጥብ አለ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ወጪው ዝቅተኛ የሆነውን መንገድ ራሳቸው መርጠው ያቀርባሉ። ካልኩሌተሩ ግን አይመርጥም። አራት ደረጃ ያላቸው 40 ማስተካከያዎች ቢኖሩ፣ ሊፈጠሩ የሚችሉት ጥምረቶች 4 በ40 ኃይል፣ ማለትም 1.2 × 10²⁴ ገደማ ናቸው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጥምረት የሚፈትሽ ኮምፒዩተር ሁሉንም ለመጨረስ ወደ 38 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ይህም ከዩኒቨርስ ዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል። በእርግጥ ጥሩ የሚባለውን መንገድ ለመፈለግ የሚያገለግሉ አቋራጭ የሒሳብ ዘዴዎች አሉ። ነገር ግን «ጥሩ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ያም ተመልሶ የምርጫ ጥያቄ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት የተለያዩ ድርጅቶች የየራሳቸውን መስመር በመሣሪያው ሠርተው ለሕዝብ አቀረቡ። ከነዚህም መካከል ፍሬንድስ ኦቭ ዚ ኧርዝ የተባለው የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅትና የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮችን የሚያስተዳድረው ናሽናል ግሪድ ይገኙበታል። ሁለቱ በሐሳብ ቢለያዩም በአንድ ሒሳብ ውስጥ ገቡ። ልዩነታቸውም «የእናንተ ጥናት ሐሰት ነው» ከሚል ደረጃ አልፎ «እኛ የነፋሱን ደረጃ ከፍ ስናደርግ እናንተ ዝቅ አድርጋችኋል፤ ለምን?» ወደሚል ጥያቄ ሊወርድ ቻለ። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ሊገኝለት ይችላል።

የደረጃዎቹን ወሰን ማን አስቀመጠ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ከኢንዱስትሪ፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተጋበዙ ሰዎችን አወያይተው ረቂቁን አዘጋጁ። የመጀመሪያውን ቅጂ ካሳተሙ በኋላም ማንም ሰው ማስረጃ እንዲልክ ጥሪ አቅርበው ሞዴሉን በ2011 አሻሻሉት፤ በመጀመሪያ ያልነበረው የወጪ ስሌትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጨመረበት። መንግሥት በታኅሣሥ 2011 ባወጣው የካርቦን ዕቅድ ውስጥ አማራጭ የወደፊት ሁኔታዎችን ለማሳየት በዚሁ ካልኩሌተር ተጠቅሟል።

ሐሳቡ ከብሪታንያም አልፎ ተሰራጨ። ሕንድ በ2014 የራሷን አዘጋጀች፤ ማብቂያውንም የነጻነቷ መቶኛ ዓመት በሚሆነው 2047 ላይ አደረገችው። ደቡብ አፍሪካና ቻይናም የራሳቸውን ሠርተዋል፤ በ2015 ደግሞ ዓለምን በሙሉ የሚመለከት ካልኩሌተር ይፋ ሆነ። ማኬይ በ2016 በ48 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ብሪታንያ በ2019 ግቧን ከ80 በመቶ ወደ ሙሉ ለሙሉ ዜሮ የተጣራ ልቀት አሳደገች፤ በ2020 የወጣው አዲስ ቅጂም በስሙ «የማኬይ የካርቦን ካልኩሌተር» ተብሎ ተሰየመ።

በሴኔጋል ወንዝ ዳር፦ ሞዴሉን ሕዝቡ ሲሠራው

በብሪታንያው መንገድ ሞዴሉን የሠሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕዝቡ የገባው ማስተካከያውን በማንቀሳቀስ ነው። ሞዴሉን ከመሠረቱ ሕዝቡ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ይቻላልን? ይህንን የሞከሩት በፈረንሳይ የግብርና ምርምር ማዕከል «ሲራድ» ሥር ይሠሩ የነበሩት ፓትሪክ ዳኪኖና ባልደረቦቹ ናቸው።

በሴኔጋል ወንዝ ዴልታ ሩዝ በመስኖ የሚያመርቱ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች በአንድ መሬትና በአንድ ውኃ ይኖራሉ። ማሳ በወንዙ ዳር ሲስፋፋ ከብቱ ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ይዘጋል፤ ከብቱ ማሳውን ሲያቋርጥ ደግሞ ሰብሉ ይጠፋል። በ1996 የወጣ ሕግ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርን ወደ አካባቢ ምክር ቤቶች ሲያወርድ፣ ይህንን ጉዳይ የመዳኘቱ ኃላፊነት በነዋሪዎቹ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ተመራማሪዎቹ የተዘጋጀ ሞዴል ይዘው አልሄዱም። በመጀመሪያ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከመሬቱ ምን እንደሚፈልጉ ዘረዘሩ፤ አርቢው ምን ዓይነት ግጦሽና ውኃ፣ ገበሬው ምን ዓይነት አፈርና ርቀት እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ከዚያ ይህ ዕውቀት ወደ ጨዋታ ተለወጠ፤ ተሳታፊዎች በሰሌዳ ላይ እየተጫወቱ የመሬት አጠቃቀማቸውን አሳዩ። ኮምፒዩተሩ የመጣው በመጨረሻ ነው። የጨዋታው ሕጎች «ኮርማስ» በተባለ ሶፍትዌር ተጽፈው፣ ተሳታፊዎቹ የሚያውቁት ጨዋታ በስክሪን ላይ በፍጥነት ሲሄድ ተመለከቱት። ሙከራው «ሰልፍኮርማስ» ይባላል፤ ዘገባውም በ2003 ታትሟል።

እንዲህ ያለው ሞዴል ባለብዙ ወኪል ሞዴል ይባላል። በካልኩሌተሩ ውስጥ ያሉት መጠኖች የአገር ድምሮች ናቸው። እዚህ ግን እያንዳንዱ የከብት መንጋ፣ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ሕግ ያለው ወኪል ነው። መንጋው ሲጠማ በአቅራቢያው ወዳለው ውኃ ይሄዳል፤ መንገዱ ከተዘጋ ዞሮ ይሄዳል ወይም ማሳ ያቋርጣል። የአካባቢው ግጭት የሚመነጨው ከነዚህ ትናንሽ ሕጎች መጋጨት ነው። አርቢው ስክሪኑን ሲያይ «ከብት እንዲህ አያደርግም» ቢል ሕጉ ይታረማል። ሞዴሉ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ የገዛ ንግግሩ ነውና።

ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። የብሪታንያው ሚሊዮኖችን ሊደርስ ይችላል፤ ግን ጥልቀቱ ማስተካከያ ከማንቀሳቀስ አይዘልም። የሴኔጋሉ ጥልቀት አለው፤ ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳትፈው በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡ ሰዎችን ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

እነዚህ መሣሪያዎች እንከን የለሽ አይደሉም። በመጀመሪያ፣ በሞዴሉ ውስጥ ያልገባ ነገር ለክርክር አይቀርብም። ማስተካከያ ያልተደረገለትን ሐሳብ ተጠቃሚው ሊመርጠው አይችልም። ስለዚህ ምን ማስተካከያ ይኑር የሚለው ውሳኔ ራሱ ትልቅ ሥልጣን ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ታሳቢዎችን ያስረጃል። ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ በትላልቅ የፀሐይ ማመንጫዎች የሚመረት የኤሌክትሪክ ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። በ2010 ከብሪታንያ ኤሌክትሪክ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ያመነጭ የነበረው የድንጋይ ከሰልም የመጨረሻ ጣቢያው በመስከረም 2024 ተዘግቷል። ሞዴል እንደ ሕንጻ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን እንደ እርሻ በየጊዜው የሚታረም መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚደረግ ምክክር ኢንተርኔት የሌለውን ሰው ድምፅ ያስቀራል። የሚቀረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሳኔው ይበልጥ የሚነካው ነው። አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ምክክሩ የይስሙላ ሲሆን ነው። ውሳኔው አስቀድሞ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ማስተካከያ እንዲያንቀሳቅስ መጋበዝ እምነትን ከመገንባት ይልቅ ያፈርሳል።

እስቲ እንሞክረው

አንባቢያን በእጃቸው እንዲሞክሩት አንድ ትንሽ መልመጃ እናቅርብ። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ወይም በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ የሚገኝ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ብቻ ነው። አንድ ሚሊዮን ቤተሰቦች በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ይጋግራሉ እንበል። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ፣ ጋገራው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ይሁን። አንድ ቤተሰብ በሳምንት 14፣ በዓመት 728 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ አንድ ሚሊዮኑ በአንድነት 728 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ።

የሚያሳስበው ግን የዓመቱ ድምር ብቻ አይደለም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ምጣዱን ቢሰኩ በዚያች ሰዓት 3,500 ሜጋ ዋት ያስፈልጋል። ይህም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ካለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከግማሽ በላይ ነው። በአንድ ሰዓት የሚጋግሩት ሩብ ያህሉ ብቻ ከሆኑ ፍላጎቱ ወደ 875 ሜጋ ዋት ይወርዳል። እንግዲህ ሦስት ማስተካከያዎች አገኘን፦ የቤተሰቦቹ ቁጥር፣ የምጣዱ ቆጣቢነትና በአንድ ሰዓት የሚጋግሩት ድርሻ። የመጀመሪያውን የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ሁለተኛውን መሐንዲስ ይነግረናል። ሦስተኛውን ግን ሊጥ የምታቦካዋ እናት ካልተጠየቀች ማንም በትክክል አያውቀውም። ሊጡ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ጋገራው ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ፣ ቢዛወርስ ምን እንደሚጎድል የምታውቀው እርሷ ናት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የአንድ አገር የወደፊት ስሌት ለአንድ ክፍል ባለሙያዎች የሚከብድ ሸክም ነው። ባለሙያው ቀመሩን ይዞ፣ ነዋሪው ደግሞ ኑሮውን ይዞ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ሲቀርቡ ግን ሸክሙ ይቀላል። በመጨረሻ ላይስማሙ ይችላሉ። የማይስማሙት ግን ሁለቱም በሚያዩት ቁጥር ላይ ይሆናል።